የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ የመንግሥትን ድጋፍ የሚያጠናክረው፣ ለስኮላርሺፕም ገንዘብ የሚያሰባስበው እንዴት ነው? ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የሚሠሩ ባልደረቦች፣ የቀድሞ ተማሪዎች፣ ወላጆች፣ አንዳንዴም የምክር ቤት አባላት ደጋግመው የሚያነሷቸውን ጥያቄዎች እዚህ አሰባስቤያለሁ። መልሶቹ ውስጥ የራሴ አቋም አለበት፤ አልደበቅሁትም። የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

መንግሥት በጀት እየመደበለት የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ለምን ሌላ ገንዘብ ያሰባስባል?

የመንግሥት በጀት ደመወዝ ይከፍላል፣ ሕንጻ ያድሳል፣ ቤተ ሙከራ ያሟላል። የእያንዳንዱን ተማሪ የቤት ችግር ግን አያይም፤ ለዚያም አልተሠራም። አንዷ ተማሪ የትምህርት ክፍያዋ ተሸፍኖላት ሳለ የቤት ኪራይ አጥታ ታቋርጣለች። ለሌላው ደግሞ ትምህርት ላይ የሚያሳልፈው እያንዳንዱ ዓመት ሠርቶ ለቤተሰቡ ሊያስገባ ይችል የነበረው ገቢ የቀረበት ዓመት ነው። እንዲህ ያለውን ቀዳዳ ሰው በሰው እየለዩ ለመድፈን የስኮላርሺፕ ገንዘብ ይሻላል።

ይህ ሲባል ልገሳ በጀትን ይተካል ማለት አይደለም። ለጋሽ የሚሰጠው ለተማሪ፣ ለቤተ መጻሕፍት ወይም ስሙ ለሚጠራበት ሕንጻ ነው። ለጣሪያ ጥገናና ለመብራት ክፍያ እሰጣለሁ የሚል ብርቅ ነው። ስለዚህ መንግሥትን ማሳመንና ለጋሽን ማሳመን ጎን ለጎን የሚሄዱ ሁለት ሥራዎች ናቸው።

በጀት ሲጠብ ከፍተኛ ትምህርት ለምን ቀድሞ ይቆረጣል?

ከሕግ አውጪው ወንበር ላይ ሆኖ ላየው ምክንያቱ ግልጽ ነው። ማረሚያ ቤትም ሆነ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤት ከመንግሥት በቀር የሚከፍልለት የለም፤ ዩኒቨርሲቲ ግን ከተማሪ የሚሰበስበው ክፍያ አለው። «እናንተ እንደምንም ትወጡታላችሁ» ይባላል። በአሜሪካ ከ2008ቱ የገንዘብ ቀውስ በኋላ የሆነው ይኸው ነው፤ ግዛቶች ለዩኒቨርሲቲዎቻቸው የሚሰጡትን ቀነሱ፣ ዩኒቨርሲቲዎቹም ክፍያ ጨመሩ።

ዩኒቨርሲቲ ለምክር ቤት በግልጽ ሊያስረዳው የሚገባው አንድ ነገር ቢኖር ይህ ነው፤ የተቆረጠው በጀት የትም አልጠፋም፣ ወደ ቤተሰቦች ኪስ ተዛወረ እንጂ። ከዚያ ውስጥ መክፈል ያቃታቸውን ልጆች ማንም አይቆጥራቸውም፤ ያልተመዘገበ ተማሪ በሬጅስትራር መዝገብ ላይ አይታይምና።

ታዲያ የመንግሥት ድጋፍ የሚገነባው በምንድን ነው?

በዓመታት ሥራ። በበጀት ወር በሚጻፍ ደብዳቤ አይደለም። ግቢውን ረግጦ የማያውቅ ሰው «ይህ ዩኒቨርሲቲ የእኔም ነው» ካላለ ድጋፉ ሥር አይሰድም ብዬ አምናለሁ።

ለዚህ ሁልጊዜ የማነሣው የዊስኮንሲን ዩኒቨርሲቲን ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ የአሜሪካ ወተት ገዢዎች ለገበሬው የሚከፍሉት በወተቱ ክብደት ነበር። ውሃ የቀላቀለውም፣ ቅባቱን ገፍፎ ያስቀረውም፣ ንጹሕ ወተት ያመጣውም እኩል ይከፈላቸዋል፤ የሚከስረው ሐቀኛው ነበር። በ1890 የዩኒቨርሲቲው የግብርና ኬሚስት ስቲቨን ባብኮክ ቀላል መላ አመጡ። አንገቱ ረዘም ባለ፣ መስመር በተሰመረበት ጠርሙስ ወተት ይጨመራል፤ ቀጥሎ ሰልፈሪክ አሲድ። አሲዱ ከቅባቱ በቀር ያለውን ያሟሟል። ጠርሙሱ በማሽን ይሽከረከራል፣ ሙቅ ውሃ ይታከልበታል፣ ቅባቱም ተለይቶ ወደ አንገቱ ይወጣል። ከዚያ መስመሩን ማንበብ ብቻ ነው። ገበሬው አጠገቡ ቆሞ በዓይኑ ያየዋል። ባብኮክ የፈጠራ መብት አላስመዘገቡበትም፤ ማንም እንዲጠቀምበት ለቀቁት።

ያ ጠርሙስ ዩኒቨርሲቲውን ያስተዋወቀውን ያህል የትኛውም ብሮሹር ሊያስተዋውቀው አይችልም። በ20ኛው ክፍለ ዘመን መባቻ ፕሬዝዳንቱ ቻርልስ ቫን ሃይዝ የዩኒቨርሲቲው በጎ ሥራ በግዛቱ ያለ እያንዳንዱ ቤተሰብ ዘንድ እስኪደርስ እንደማያርፉ ሲናገሩ፣ ሰሚው ነገሩን በራሱ ወተት ላይ ያየው ሰው ነበር።

ሕግም ያግዛል። አብርሃም ሊንከን በ1862 የፈረሙት የሞሪል ሕግ ለእያንዳንዱ ግዛት፣ በኮንግረስ ባሉት አባላት ቁጥር ልክ፣ ለአንድ አባል 30,000 ኤከር የፌዴራል መሬት ሰጠ። (የዚህ መሬት ብዙው ከነባር ሕዝቦች የተነጠቀ ነው፤ ታሪኩ ሲነገር ይህም አብሮ መነገር አለበት።) ከሽያጩ የተገኘው ዋና ገንዘብ እንዳይነካ፣ ቢጎድልም ግዛቱ እንዲተካ ሕጉ አስገደደ። ኮሌጆቹ ግብርናና ምሕንድስና እንዲያስተምሩም አዘዘ። በ1914 የስሚዝ-ሌቨር ሕግ ደግሞ የእነዚህን ኮሌጆች ዕውቀት እስከ ገበሬው ማሳ የሚያደርስ የኤክስቴንሽን አገልግሎት አቋቋመ። ከዚያ ወዲህ በጀት የሚወስነውን ሰው በመረጠው አካባቢ ውስጥ ከዩኒቨርሲቲው የመጣ ባለሙያ በስሙ የሚታወቅ ሆነ።

ዛሬ የዚያን ጠርሙስ ቦታ የሚይዘው ምንድን ነው? ነፃ የሕግ ምክር የሚሰጥ ክፍል ሊሆን ይችላል፤ የገጠር መምህራንን በክረምት የሚያሠለጥን ፋኩልቲ፣ የጉድጓድ ውሃ የሚመረምር ቤተ ሙከራም ሊሆን ይችላል። የሚመረጠው ግን ሰዉ ቸገረኝ ካለው ተነሥቶ ነው።

ከምክር ቤት አባላት ጋር ስንገናኝ ምን ይዘን እንቅረብ?

ጥራዝ አይደለም። አንድ ገጽ ይበቃል፤ በዚያ ገጽ ላይም የእሳቸው የምርጫ ክልል ይኑርበት። ከዚያ ወረዳ ስንት ተማሪ አለን? ስንቱ ተመርቆ ወደዚያው ተመልሶ ሐኪም፣ መምህር፣ መሐንዲስ ሆኗል? ስንቱ ስኮላርሺፕ ጠይቆ ገንዘብ በማለቁ ሳያገኝ ተመልሷል? ይህ ሦስተኛው ቁጥር ከሁሉ ይከብዳል፤ ብዙ ዩኒቨርሲቲዎች ግን አይመዘግቡትም። የተሰጣቸውን ይቆጥራሉ፣ የተመለሱትን ይረሳሉ።

ተማሪ ይዞ መሄድ ጥሩ ነው፤ ክብሩን ግን መጠበቅ ያስፈልጋል። ችግሩን እንዲያለቅስበት ሳይሆን ትምህርቱን እንዲናገር ይጋበዝ።

ሌላው የሚዘነጋው ነገር ጊዜ ነው። ረቂቅ በጀት ምክር ቤት የሚገባው ቁጥሩ ገንዘብ ሚኒስቴር ውስጥ ካለቀ በኋላ ነው። የሚኒስቴሩን የበጀት ባለሙያ በዝግጅቱ ወቅት ያላገኘ፣ በኋላ ቋሚ ኮሚቴ ፊት ቢናገር የሚያገኘው አዘኔታ ነው። ባለሙያው የሚፈልገው ደግሞ አንድ ተማሪ ለማስመረቅ ምን ያህል እንደሚወጣ፣ ባለፈው ዓመት የተሰጠው ምን ላይ እንደዋለ፣ የኦዲት ግኝቱ ታርሞ እንደሆነ ነው። ያልታረመ የኦዲት ግኝት እያለ ጭማሪ መጠየቅ ከባድ ነው፤ ተገቢም አይደለም።

ምስጋናም አለ። በጀት ጸድቆ ከተለቀቀ በኋላ ተመልሶ የሚመጣ ተቋም ጥቂት ነው። ምንም ሳይጠይቁ ሄዶ «በሰጣችሁን ይህን ሠራን» ማለት የሚቀጥለውን ዓመት በር ይከፍታል።

ይህ ፖለቲካ ውስጥ መግባት አይሆንም?

ዩኒቨርሲቲ ለተማሪዎቹ ቢከራከር ሥራው ነው፤ ለአንድ ፓርቲ ከወገነ ግን ሌላው ሲመጣ ይከፍልበታል። የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ፕሬዝዳንት የነበሩት የክላርክ ከር ታሪክ ሁለት ነገር ያስተምረናል። በ1960 እሳቸው የመሩት የከፍተኛ ትምህርት ማስተር ፕላን ሕግ ሆኖ ወጣ፤ የትኛው ተማሪ በየትኛው ተቋም ቦታ እንደሚያገኝ በግልጽ ደነገገ። በጥር 1967 ሮናልድ ሬገን የግዛቱ ገዥ ሆነው ሥልጣን በያዙ በሳምንታት ውስጥ የዩኒቨርሲቲው ቦርድ ከርን ከፕሬዝዳንትነት አነሳቸው። ሰውየው ሄዱ፣ ማዕቀፉ ግን ቀረ። በሰው ወዳጅነት ላይ የቆመ ድጋፍ ከሰውየው ጋር ይሄዳል፤ በሕግ የተጻፈው ይቆያል። ስለዚህ ከገዥውም ከተቃዋሚውም ወገን ተመራጮችን በእኩል መጋበዝ፣ ስምምነትንም በወረቀት ማስፈር ያዋጣል።

ለትምህርት ብቻ የሚውል ግብር ወይም ሎተሪ ማስወሰን ይቻላል?

ተችሏል። ናይጄሪያ በ1993 ከኩባንያዎች ትርፍ ላይ 2 በመቶ የትምህርት ግብር ደነገገች፤ ከዚያ በፊት የዩኒቨርሲቲ መምህራን ማኅበር ለዓመታት ታግሏል። ጋና በ2000 ባወጣችው ሕግ ከተጨማሪ እሴት ታክስ ላይ 2.5 በመቶ ነጥብ ለትምህርት ፈንድ እንዲሄድ አደረገች። የአሜሪካዋ ጆርጂያ ደግሞ በ1993 ሎተሪ አቋቁማ «ሆፕ» የተባለውን ስኮላርሺፕ ጀመረች፤ ገዥው ዜል ሚለር ለሕዝብ ድምፅ አቅርበው ያስወሰኑት ነው።

እንዲህ ያለ ገንዘብ ጥቅሙ ከየዓመቱ የበጀት ክርክር ውጪ መሆኑ ነው። ዋስትና ግን የለውም። ጋና በ2017 ለተለዩ ፈንዶች የሚሄደው ድርሻ ላይ ጣሪያ የሚጥል ሕግ አወጣች። የጆርጂያ ሎተሪም የተማሪውን ብዛትና የክፍያውን ንረት መሸከም ስላቃተው በ2011 ስኮላርሺፑ ተቀነሰ። በሎተሪ ላይ እኔ ሌላም ቅሬታ አለኝ። ከገቢው አንጻር ሲታይ ለሎተሪ አብዝቶ የሚያወጣው ዝቅተኛ ገቢ ያለው ሰው ነው፤ ስኮላርሺፑ በውጤት ብቻ የሚሰጥ ከሆነ ደግሞ አብዝቶ የሚወስደው የደኅና ቤተሰብ ልጅ ነው። ሆፕ ሲጀመር የቤተሰብ ገቢ ጣሪያ ነበረው፤ በ1995 ተነሳ።

ለጋሾች መስጠት ሲጀምሩ መንግሥት እጁን አይሰበስብም?

ሊሰበስብ ይችላል፤ ፍርሃቱ ከንቱ አይደለም። ከሁሉ የሚሻለው መድኃኒት ማቺንግ ፈንድ ነው፤ ለጋሽ አንድ ሲሰጥ መንግሥት አንድ ይጨምርበታል። ሆንግ ኮንግ በ2003 አንድ ቢሊዮን የሆንግ ኮንግ ዶላር መድባ ጀመረችው፤ ትልልቆቹ ዩኒቨርሲቲዎች ሁሉንም ጠርገው እንዳይወስዱ ለእያንዳንዱ ተቋም ዝቅተኛ ድርሻና ከፍተኛ ጣሪያ ወሰነች። እንግሊዝ ከ2008 እስከ 2011 እስከ 200 ሚሊዮን ፓውንድ አዘጋጀች፤ ልገሳ ማሰባሰብ ገና ለሚጀምሩት አንድ ለአንድ ስትከፍል፣ ልምድ ላላቸው ሦስት ፓውንድ ሲያመጡ አንድ ትጨምር ነበር።

ይህ የእንግሊዝ አሠራር ደስ ይለኛል፤ ለደከመው የበለጠ ይሰጣልና። መንግሥትን ማቺንግ ፈንድ የሚጠይቅ ዩኒቨርሲቲ ይህንን ሐሳብ አብሮ ቢያቀርብ ታናናሽ ተቋማትንም ከጎኑ ያሰልፋል።

ቋሚ ፈንድ ወይስ አሁኑኑ የሚከፋፈል ገንዘብ? የትኛው ይሻላል?

ቋሚ ፈንድ ወይም ኢንዶውመንት የሚባለው ዋናው ሳይነካ ትርፉ ብቻ የሚሰጥበት ነው። ብዙ ዩኒቨርሲቲዎች በዓመት ከ4 እስከ 5 በመቶ ያወጣሉ፤ ገበያው ሲዋዥቅ ክፍያው አብሮ እንዳይዋዥቅም የሦስት ዓመት አማካይ ዋጋ ላይ ያሰሉታል።

ሒሳቡን እንየው። 10 ሚሊዮን አለን እንበል፤ በየትኛውም ገንዘብ ይሁን። በ4 በመቶ በዓመት 400,000 ይገኛል። አንድ ተማሪ በዓመት 40,000 ቢያስፈልገው ሁልጊዜ አሥር ተማሪዎችን እናስተምራለን ማለት ነው። ያንኑ 10 ሚሊዮን በቀጥታ ብናከፋፍለው 62 ተማሪዎችን ለአራት ዓመት ያስተምራል፤ ከዚያ ያልቃል።

የዋጋ ንረት ከትርፉ በላይ በሚሆንበት አገር ባንክ የተቀመጠ ቋሚ ፈንድ ዋናው ተነካ ሳይባል ይሟሟል። በእንዲህ ያለ ሁኔታ ገንዘቡ ዋጋውን በሚጠብቅ ንብረት ላይ፣ ለምሳሌ በሚከራይ ሕንጻ ወይም በአክሲዮን ላይ፣ ካልዋለ አሁኑኑ ተማሪ ቢያስተምር እመርጣለሁ። የተመረቀ ሰው ዋጋው አይወርድም።

ብዙ ገንዘብ የሌለውስ ምን ያድርግ?

በየወሩ ጥቂት ይስጥ፣ ከደመወዙ ይቆረጥለት። አንድ የምሩቃን ክፍል ተሰባስቦ በስሙ አንድ ተማሪ ቢያስተምርም ይቻላል። መምህራንና ሠራተኞች ራሳቸው መስጠታቸው ደግሞ ከብዛቱ በላይ ክብደት አለው፤ ትልቁ ለጋሽ ቀድሞ የሚጠይቀው «እናንተስ ሰጥታችኋል?» ብሎ ነው።

ለጋሹ ተማሪውን እኔ ልምረጥ ቢልስ?

መስፈርት ማውጣት ይችላል፤ ስም መጥራት አይችልም። «የነርሲንግ ተማሪ ይሁንልኝ» ማለት ተገቢ ነው፣ «የእገሌ ልጅ ይሁንልኝ» ማለት ግን አይደለም። ምርጫው የኮሚቴ ነው፤ ለጋሽም ዘመድም አይቀመጥበትም። መስፈርቱም በጣም እንዳይጠብብ ቀድሞ መነጋገር ይበጃል። አራት አምስት ቅድመ ሁኔታ የተደረደረበት ስኮላርሺፕ የሚያሟላ ሰው አጥቶ በባንክ ሲተኛ ማየት ያሳዝናል። ስለዚህ ውሉ ላይ «የሚያሟላ ካልተገኘ ለተቀራራቢ ተማሪ ይሰጣል» የሚል አንድ አንቀጽ ይግባ።

ስኮላርሺፑ እያለ ችግረኛ ተማሪዎች ለምን አያመለክቱም?

ከጥያቄዎቹ ሁሉ በጣም የሚያሳስበኝ ይህ ነው። ገንዘብ ተለምኖ፣ ተሰብስቦ፣ ተቀምጦ፣ ባለቤቱ ሳይመጣ ይቀራል።

የሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ በ2015 ይህን በሙከራ አጠና። ዝቅተኛ ገቢ ካላቸው ቤተሰቦች የሆኑ ጎበዝ ተማሪዎችን ለይቶ ከፊሎቹ ቤት በዩኒቨርሲቲው ቀለም ያሸበረቀ ትልቅ ፖስታ ላከ። ለወላጆቻቸውና ለትምህርት ቤቱ ርእሰ መምህርም ተጻፈ። መልእክቱ አጭር ነው፤ አመልክተህ ተቀባይነት ካገኘህ የአራት ዓመት የትምህርት ክፍያህ ተከፍሏል፣ የገንዘብ ችግርህን የሚያስረዳ ቅጽም አትሞላም። ፖስታው ካልደረሳቸው መካከል 26 በመቶው ሲያመለክቱ ከደረሳቸው ውስጥ ሁለት ሦስተኛ ያህሉ አመለከቱ። ገብተው የተመዘገቡት ደግሞ ከ12 ወደ 27 በመቶ ከፍ አሉ።

አሁን ዋናው ነገር ይመጣል። ፖስታው ካልደረሳቸውም እጅግ አብዛኞቹ ቢያመለክቱና ቢገቡ ኖሮ ያንኑ እርዳታ ያገኙ ነበር። ለውጡን ያመጣው ቃሉ ቀድሞ መሰጠቱ፣ እርግጠኛ መሆኑና በስማቸው መምጣቱ ነው። ዩኒቨርሲቲው በ2018 የቤተሰብ ገቢያቸው እስከ 65,000 ዶላር ለነበረ የግዛቱ ተማሪዎች ይህንን ቋሚ ቃል ኪዳን አደረገው፤ የገቢ ጣሪያው በኋላ ከፍ ብሏል።

«ሊሰጥዎ ይችላል» እና «ይሰጥዎታል» በሚሉት መካከል ያለው ርቀት ለድሃ ልጅ ገደል ነው። ማስታወቂያችንን ስንጽፍ፣ ቅጻችንን ስናስረዝም፣ የቀበሌ ማስረጃ በሦስት ኮፒ ስንጠይቅ ይህን እናስብ። እያንዳንዱ ተጨማሪ ወረቀት የሚያስቀረው ብልጡን አይደለም፤ የሚረዳው ሰው የሌለውን ነው።

ከገቡ በኋላ ገንዘብ አልቆባቸው የሚያቋርጡትስ?

ለእነሱ ትልቅ ስኮላርሺፕ ላያስፈልግ ይችላል። በአትላንታ የሚገኘው ጆርጂያ ስቴት ዩኒቨርሲቲ በ2011 ጥቂት ዕዳ ስለቀረባቸው ብቻ ከመዝገብ የሚሰረዙ ተማሪዎችን መለየት ጀመረ። ማመልከቻ አይጠበቅም፤ ዩኒቨርሲቲው ራሱ መዝገቡን አይቶ፣ ትምህርታቸው ደኅና የሆነውን መርጦ ጉድለቱን ይከፍልላቸዋል። ድጎማው ብዙውን ጊዜ ከ1,000 ዶላር በታች ነው፤ ብዙ ተቀባዮቹም ሊመረቁ የተቃረቡ ናቸው። ተማሪው ቢያቋርጥ ኖሮ ዩኒቨርሲቲው የሚያጣው ቀሪ ክፍያ ከዚህ ይበልጣል። ለአዲስ ለጋሽ መጀመሪያ የማሳየው እንዲህ ያለውን ፈንድ ነው፤ በትንሽ ገንዘብ በአንድ ሴሚስተር ውጤቱን ያየዋል።

ለጋሽ አንዴ ከሰጠ በኋላ ምን ይጠበቅብናል?

ደረሰኙ በሳምንት ውስጥ ይድረሰው። በዓመት አንድ ጊዜ የገንዘቡ ዝርዝር ይላክለት፤ ስንት ገባ፣ ስንት ወጣ፣ ስንት ቀረ። ከተማሪውም ፈቃደኛ ከሆነ በእጅ የተጻፈ አንድ ገጽ ደብዳቤ ይድረሰው። ቢሮው አርቅቆ ተማሪው የሚፈርምበት ደብዳቤ ወዲያው ያስታውቃል፤ የትኛው ኮርስ እንደከበደው፣ በክረምቱ ምን ለመሥራት እንዳሰበ ራሱ ቢጽፍ የፊደል ግድፈት ቢኖርበትም ይሻላል። ተማሪዋ አቋርጣ ከሆነም ለለጋሹ ይጻፍለት፤ የቀረው ገንዘብ ለሌላ ተማሪ ተላልፎ እንደሆነ ወይም እሷ እስክትመለስ እየጠበቃት እንደሆነ ይነገረው።